ደስ የሚል ነገር ካያችሁ ጥሩኝ

ሰፈሩ ሁሉ የእኛን ክፍል «ሙቀት ክፍል» ነው የሚለው። በሩ ላይ የተጻፈው «የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና» የሚል ነው፤ እሱን አንብቦ የገባ ዘመድ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «ልጁ ሙቀት ገባ» ይባባላሉ፤ ከዚያ ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክመው ይመጣሉ። እኔ ውብነሽ ነኝ፣ የክፍሉ ነርስ። ሥራዬ ብዙ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰኝ ግን በር ላይ ቆሜ ብርድ ልብስ ስመልስ ነው። ክፉ ሴት ናት ይሉኛል። ይበሉኝ።

የለሊሴ ልጅ ከብርድ ይልቅ ሙቀት የሚፈራለት ልጅ ነበር። ታፍኖ ነው የተወለደው። ምጡ ረዘመ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፣ ሲወጣም አላለቀሰም። አዋላጆቹ ትንፋሹን መለሱለት፣ ልቡም መምታት ጀመረ፤ አንጎሉ ግን አየር አጥቶ በቆየበት ጊዜ ተጎድቷል። እግሩ ላይ በታሰረችው ፕላስተር «ቤቢ ኦፍ ለሊሴ» ተብሎ ተጽፎበት ወደ እኛ መጣ። ስም ገና አልወጣለትም።

እንዲህ ያለ ልጅ አንጎሉ የሚጎዳው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሲታፈን ይጎዳል። ከዚያ በሚቀጥሉት ቀናት ትኩሳት ከያዘው፣ ስኳሩ ከወረደ፣ ወይም ሕመሙ ደጋግሞ ካንቀጠቀጠው፣ የተረፈው ደግሞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ከእጃችን አልፏል፤ የእኛ ሥራ ሁለተኛውን መከላከል ነው። ሌላ አገር እነዚህን ልጆች በሚቀዘቅዝ ፍራሽ ላይ ያስተኟቸዋል። እኛ ጋ ፍራሹ የለም፤ ቢኖርም ለእኛ ልጆች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ዶክተሮቹ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። ስለዚህ መብራት እንቀንሳለን፣ ድምፅ እንቀንሳለን፣ ካላስፈለገ በቀር አንነካቸውም። ሙቀታቸውንና ስኳራቸውን እንለካለን። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የአንጎልን ሥራ በመስመር የሚያሳየው መሣሪያ ያለን አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያኔ ከዚህ ልጅ የባሰ ልጅ ላይ ተገጥሞ ነበር።

ማየት ቀላል ይመስላል። አንድ ነርስ ስንት አልጋ ማየት ትችላለች? ስለዚህ እናቶቹን ከልጆቻቸው አጠገብ እናስቀምጣለን፤ ስንቀበላቸውም ሁልጊዜ አንድ ነገር እንነግራቸዋለን፦ «መጥፎ ነገር ካያችሁ ጥሩን።» ቢጠቁር፣ ትንፋሹ ቢቆም፣ ቢንቀጠቀጥ ማለታችን ነው። ክፍሉ ከተከፈተ ጀምሮ ይህችው ናት የምትባለው፤ ያልገባት እናት አላየሁም።

ለሊሴ ልጅ እግር ናት። ብስራተ ገብርኤል አንድ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የባሏ የቶሌራ ቤተሰቦች ከለቡ መብራት ኃይል ወረድ ብሎ፣ ቦታው ሁሉ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የኖሩ ናቸው። አሁን በኮንዶሚኒየሙና በአስፋልቱ መሀል ጥቂት ላሞች ቀርተዋቸዋል፤ አማቷ እማማ ሞልቱ ወተት ይሸጣሉ፣ ቶሌራ ብሎኬት ያመርታል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እማማ ሞልቱ ናቸው፤ አንዱንም አልጠየቅኳቸውም።

እሳቸው ግን በየቀኑ በር ላይ እየመጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«አለቀሰ?»

«አላለቀሰም፣ እማማ። እንዲያለቅስም አልፈልግም። አንጎሉ እንዲያርፍ ነው የምፈልገው።»

«ከየት መጥቶ ደከመውና ነው የሚያርፈው?»

በሩን ልዘጋ እጀምራለሁ።

«እልልታውን ይዤዋለሁ» ይሉኛል ደግሞ፣ ጉሮሯቸውን በጣታቸው እየነኩ። «ሲወለድ ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን። ያልቅስና እለቀዋለሁ።»

«ውጭ፣ ከአጥሩ ወዲያ ይልቀቁት» እላቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ሰሞን ለሊሴ የአማቷን ጋቢ ደብቃ አስገብታ ልጁን ጠቅልላው ደረስኩባት። ሙቀቱን ስለካው ከፍ ብሏል። ጮህኩባት። «ይሄን ልጅ የሚገድለው ብርድ አይደለም፣ ትኩሳት ነው! በምን ቋንቋ ልንገርሽ?» አልኳት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ልጅ ሁሉ በሚያስደነግጥ ድምፅ። «ፀጥታ ይከበር» የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ለሊሴ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ጋቢውን አጣጥፌ ለእማማ ሞልቱ መለስኩላቸው። ተቀበሉኝ፤ አልመረቁኝም።

ከዚያ በኋላ ለሊሴ ጭምት ሆነች። ወንበሯ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ልጇን ታያለች፣ ወተቷን እንድታልብ ስንነግራት ወደ እናቶች ማረፊያ ሄዳ በጽዋዋ ሥር የምትታይ ጠብታ ይዛ ትመለሳለች። ልጁ ገና በአፉ የሚወስደው ነገር የለም፤ ጉሉኮስ ላይ ነው። ወተቱ እንዳይደርቅባት ነው የምናሳልባት። የጨነቃት እናት ወተት አይወርዳትም፣ ይታወቃል።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ጽዋውን ሞልታ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ከንፈሯን ሳትከፍት አንዳች ዜማ ታንጎራጉራለች። በዚያው ዕለት እማማ ሞልቱ በር ላይ ሲመጡ «አለቀሰ?» አላሉኝም። «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ብለውኝ፣ ለሊሴን በመስኮቱ በኩል አየት አድርገዋት፣ ፈገግ እያሉ ሄዱ። መጠየቁ ሰለቻቸው መሰለኝ፤ ተመስገን አልኩ። የሰው ፊት ማንበብ እችላለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ያን ቀን ሁለት ፊት አይቼ አንዱንም አላነበብኩም።

ከሰዓት በኋላ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ ሳለ ለሊሴ ስመጣ አየችኝና ብድግ አለች። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ልጁ ላይ ጣል አደረገችው።

ጋቢው ተመልሶ መጣ አልኩ በልቤ። ጫማዬ እንዳይሰማ የምራመደው ሴትዮ ወለሉን እየረገጥኩ ሄድኩ።

«ምንድን ነው የሸፈንሽው?»

«ምንም፣ ሲስተር።»

«ገለል በይ።»

«ተኝቷል። እባክዎ አይቀስቅሱብኝ።»

ነጠላውን ገለጥኩት። ጋቢ የለም። ልጁ ዳይፐሩን ብቻ እንደለበሰ ነው። አልተኛም። ከንፈሩ ጡት እንደያዘ ልጅ ይንቀሳቀሳል፤ ይጠባል፣ ያርፋል፣ ይጠባል። የአፉ አንዱ ጫፍ ብቻ ከፍ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ከፍ ይላል፤ ለሚያየው ፈገግታ ነው። ግራ እግሩ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይዞራል። ዓይኖቹ ተከፍተው ወደ መስኮቱ ጎን ቀርተዋል፤ በዚያ በኩል ማንም አልነበረም።

ቀና ብዬ ለሊሴን አየኋት። ፊቷ በርቷል። የተሸሸገ ነገር የተያዘባት ሳይሆን የተሸሸገ ነገሯን በመጨረሻ ያሳየች ሴት ፊት ነበር።

«አዩት?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጡት እየፈለገ ነው። ይስቃል እኮ።»

ትልቅ ሰው የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ መንገደኛ እንኳ ያውቀዋል። አራስ ልጅ እንዲያ አይሆንም። አንጎሉ ገና ነው፣ ሰውነቱን ሁሉ አንድ ላይ የሚያንቀጠቅጥበት አቅም የለውም። ስለዚህ ያላምጣል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ እግሩን ያዞራል። እኛ የምንፈራው ይሄንኑ ነው፤ በውስጥ ያለው ማዕበል በውጭ ሲታይ እንዲህ የሚያምር መሆኑን።

እጄን እግሩ ላይ አደረግሁ። ጤነኛ ልጅ እግሩን ቀስ ብለው ቢይዙት ያቆማል፣ ወይ ይታገላል። የዚህ ልጅ እግር በመዳፌ ውስጥ ያንኑ ዙር ቀጠለ።

«ዶክተር ኖላዊ!» ብዬ የክፍሉን ሐኪም ተጣራሁ።

ዶክተር ኖላዊ መጣ፣ አየ፣ ስኳሩን ለካን፤ ደህና ነው። መድኃኒቱን አዘዘ። ቀድቼ ስመለስ ለሊሴ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ በሁለት ክንዷ ልጁን ከልላዋለች።

«ምን ልትሰጡት ነው?»

«የሚያቆምለት መድኃኒት» አለ ዶክተር ኖላዊ።

«ምኑን ነው የሚያቆምለት?» አለች። ከዚያ ገባት። «ሳቁን?»

ዶክተር ኖላዊ ደግ ልጅ ነው፤ ደግ ስለሆነ ነገር ያረዝማል። «ስሚኝ እናት፣ ይሄ በአንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ሲዛባ የሚመጣ…» እያለ ጀመረ። ልትሰማው አልቻለችም። ልጇ ከተወለደ ጀምሮ እንደ በድን ተጋድሞ አይታዋለች። አሁን ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ እግሩን አነሳ፣ ሳቀ፤ እኛ ደግሞ መርፌ ይዘን መጣን።

«አሁን ገና ልጅ ሆነልኝ» አለች። «ልታደነዝዙብኝ ነው? አይሆንም። ሲያለቅስ ስጡት፣ ሲስቅማ አይሆንም።»

ጊዜ እየሄደ ነበር። ይህ ነገር በቆየ ቁጥር ከአንጎሉ እየበላ ነው የሚሄደው። ገፍትሬያት መርፌውን በጉሉኮሱ መስመር መስጠት እችል ነበር፤ ጉልበቱንም አላጣሁም። ግን ከዚህ ልጅ ጋር ቤት የምትገባው እሷ ናት፣ ነገም ይህን ፈገግታ የምታየው እሷ ናት። እጇን ያዝኩና የልጁ እግር ላይ አስቀመጥኩት።

«ቀስ ብለሽ ያዢው» አልኳት። «አትጭመቂው። ቁም በዪው፣ በእጅሽ።»

ያዘችው። እግሩ በእጇ ውስጥ ዞረ። ትንሽ ጠበቅ አደረገችው፤ ዞረ። በሌላው እጇ ጉንጩን ነካችው፤ የአፉ ጫፍ ከፍ አለ፣ ተመለሰ፣ ከፍ አለ፣ ልክ እንደ ቅድሙ። ጎንበስ ብላ በዓይኑ ፊት ገባች። ዓይኑ አልፏት መስኮቱን ያያል።

ፊቷ ሲጠፋ አየሁት። መብራት ሲሄድ ቤት እንደሚጨልመው ነበር።

«እጄን አያውቀውም» አለች። ከዚያ ክንዷን አነሳችና ወደ ኋላ ሄደች። «ስጡት።»

ሰጠሁት። ቀስ በቀስ እግሩ ዙሩን ተወ፣ ከዚያ ከንፈሩ፣ በመጨረሻ ፈገግታው። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ፀጥ ብሎ ተጋደመ። ዶክተር ኖላዊ የአንጎል መሣሪያውን ከሌላው ልጅ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተውሶ ገጠመለት፤ መስመሩ ረግቷል። እኔ ደስ አለኝ። ለሊሴ ልጇ ሲጋደም ነው ያየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከትናንት። ለአማቴ ብቻ ነገርኳት። ማርያም እያጫወተችው ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳታስገቢው አለችኝ። ደግሞ ደግ ነገር ይወራል እንዴ? ሰው ሲያልፍ ነጠላዬን ጣል አደርግበት ነበር።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጥፎ ነገር ካየሽ ጥሪን ነው ያላችሁኝ፣ ሲስተር።»

ዶክተር ኖላዊ እኔን አየኝ፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ለሊሴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ «እሱ ሲጎዳ እኔ እየሳቅኩለት ነበር» አለች። በዚህ ሥራ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ለእማማ ሞልቱ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ እዚያው በር ላይ። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«ታዲያ ማርያም አልነበረችም?» አሉ።

«ሕመም ነበር፣ እማማ።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቶችን ስቀበል አባባሌን ቀይሬያለሁ። «መጥፎ ነገር ካያችሁ ጥሩኝ። ደስ የሚል ነገር ካያችሁ ግን ሮጣችሁ ጥሩኝ» እላለሁ። ሴትዮዋን ነካ አድርጓታል እንዴ ብለው ያዩኛል። ይዩኝ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ረጋ። መድኃኒቱን ቀስ እያልን ቀነስንለት፣ ወተቱን በቱቦ ጀመርንለት፣ ኋላም በጡት። አንድ ቀን ደም ልቀዳ እግሩን ስወጋው አለቀሰ፤ ቀጭን ለቅሶ፣ የድመት ግልገል የምታወጣው ዓይነት። እማማ ሞልቱ ሲመጡ ሳይጠይቁኝ «አለቀሰ» አልኳቸው። ይዘውት የነበረውን እልልታ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በጥርጣሬ አዩኝ።

«ደህናው ለቅሶ ነው?» አሉ። «ወይስ ያኛው?»

«ደህናው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እልልታው ግን አልወጣም።

ዶክተር ኖላዊ ሲያሰናብታቸው ወደፊት ምን እንደሚሆን አሁን ማወቅ አይቻልም ብሎ ነገራቸው። አንገቱን በጊዜው ሊያቀና ይችላል፣ ላይችልም ይችላል። ሊያይ፣ ሊሰማ፣ ሊቀመጥ፤ ሁሉም በየጊዜው የሚታይ ነው። በየቀጠሮው እንዲያመጡት አዘዛቸው። ለሊሴ አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም። ስትመጣ ልጁ ሁልጊዜ በነጠላ ተሸፍኖ ነው፤ ከፊቱ የምትታይ ነገር የለችም። ከልጇ ጋር ስትጫወት አይቻት አላውቅም። ታጠባዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ትጠብቀዋለች። ዓይኗ ከንፈሩና እግሩ ላይ ነው።

ክርስትና ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ፣ ቀጠሮዋ ባልሆነ ቀን ጠዋት፣ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ስከፍት ለሊሴ ናት። ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። እማማ ሞልቱ ከኋላዋ ያለከልካሉ። ኮሪደሩ በእናቶች ሞልቷል፤ የክትትል ቀን ነበር።

«ሲስተር፣ ሳቀ!» አለችኝ። «ልብስ ስቀይርለት ሳቀ። እንደገና ሳቀ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ኑ!»

አስገባኋትና ልጁን አልጋው ላይ አስተኛሁት። ስሙ ገዳ ተብሏል። ወፍሯል። ቀኝ እጁን አሁንም ጨብጦ ነው የሚይዘው፤ እሱ ገና የሚታይ ነገር ነው። ዓይኑ ጣሪያውን ዞረ፣ የእኔን ነጭ ልብስ አየ፣ ከዚያ እናቱን አገኘና ቆመ። ሙሉ አፉ ተከፈተ። እግሩም አብሮ ተነሳ።

«ይኸው!» አለች ለሊሴ። «ይኸው ጀመረው!»

እግሩን ያዝኩት። አቆመ። እግሩን ማን እንደያዘው ለማወቅ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ የወደደኝ አይመስለኝም።

«ፊትሽን አዙሪ» አልኳት ለሊሴን።

«ምን?»

«ወደ ግድግዳው ዙሪ።»

ዞረች። የልጁ አፍ ቀስ ብሎ ተዘጋ። የት ሄደች ብሎ ጀርባዋን አየ፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«አሁን ተመለሺ።»

ተመለሰች። ልጁ አያት፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ሳቀ።

ለሊሴ ሳልነግራት ራሷ ፊቷን አዞረች። ተመለሰች። ሳቀ። እንደገና ዞረች፣ ተመለሰች፣ ሳቀ። ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ልጁ ግራ ገባውና ሳቁን አቋርጦ ያያት ጀመር። እሷም ልጁ የሚያየው ፊት እንዳላት ያን ጊዜ ያወቀች ይመስል ጉንጯን በመዳፏ ጠረገችና ሳቀችለት።

አንስታው ወጣች። ነጠላው አልጋው ላይ ቀርቷል። ይዤላት ስከተላት እማማ ሞልቱ ከእጄ ተቀብለው ልጁ ላይ ሊጥሉት ሮጡ።

«ሸፍኚው እንጂ ልጄ! ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው።»

«ይየው» አለች ለሊሴ።

አግዳሚው ዳር አንዲት የማታውቃት ሴት ተቀምጣለች፤ ተራዋን ትጠብቃለች። ለሊሴ ፊቷ ሄዳ ቆመች። የልጇን ፊት ወደ ራሷ መለሰች፣ እስኪያገኛት ጠበቀች፣ ሳቀላት። ከዚያ ሴትየዋን ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ እዪልኝ እስቲ። ይሄ ሳቅ ነው አይደል?»

ሴትየዋ ልጁን አየችው፣ ከዚያ ለሊሴን አየቻት።

«ሳቅ ነው እንጂ» አለች። «ሌላ ምን ይሆናል?»